ለአንድ ሰርቨር ቢሮ፦ በዲስክ አፈጻጸም የትኛው ሃይፐርቫይዘር ይሻላል?

አዳማ ውስጥ ሆቴል፣ የግል ክሊኒክ፣ ኮሌጅ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚያስተዳድር ሰው ሰርቨር ለመግዛት ሲነሳ የሚገጥመው ምርጫ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። በጀቱ ለአንድ ሰርቨር ይበቃል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው። በዚያ አንድ ሰርቨር ላይ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር)፣ የፋይል ማጋሪያ፣ የታካሚ ወይም የደንበኛ ዳታቤዝ፣ አንዳንዴም የካሜራ ቀረጻ በየራሳቸው ቨርቹዋል ማሽን እንዲቀመጡ ይፈለጋል። ቨርቹዋል ማሽን በሰርቨሩ ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው፤ አንዱን ሰርቨር ለብዙ እንዲህ ያሉ ማሽኖች የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ይባላል። በእሱ ምርጫ ላይ ባለሙያዎቹ ይለያያሉ። አንዱ ቪኤምዌር ይላል፣ ሌላው ፕሮክስሞክስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዊንዶውስ ሰርቨር ካለ ሃይፐር-ቪ ምን ጎደለው ይላል።

በፕሮሰሰርና በራም በኩል ያላቸው ልዩነት ለእንዲህ ያለ ቢሮ የሚታይ አይደለም። ሠራተኛውን «ሲስተም የለም» የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ነው። በዲስክ ፍጥነት ዙሪያ የሚወጡት ቁጥሮች ግን ከማስረዳት ይልቅ ያደናግራሉ። አንዱ ምክንያት የሚለኩት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። በቀድሞው የቪኤምዌር የአጠቃቀም ስምምነት ደግሞ የፍጥነት ንጽጽር ለማውጣት ኩባንያው የሙከራውን አካሄድ አይቶ ማጽደቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ገለልተኛ ቁጥር ማግኘት ድሮም አስቸጋሪ ነበር።

መብራት በሚሄድበት ከተማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን ይፈጥናል» የሚለው አይደለም። ሃይፐርቫይዘሩ «ጽፌያለሁ» ሲል በእርግጥ ጽፏል ወይ? የሚከተለው ንጽጽር በሙሉ የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በምን እንመዝናቸው

ዳታቤዝ አንድ ክፍያ ሲመዘግብ ዲስኩን «ጻፍ፤ ስትጨርስ ንገረኝ» ይለዋል። ማረጋገጫው እስኪመጣ ያ ክፍያ አልተጠናቀቀም። ማረጋገጫው ከአራት ቦታ በአንዱ ሊመጣ ይችላል፦ ከሰርቨሩ ራም፣ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ከሚያስተሳስረው የሬይድ ካርድ ኬሽ (ጊዜያዊ ማቆያ)፣ ከኤስኤስዲው የውስጥ ኬሽ፣ ወይም ዳታው በቋሚነት ከሚያርፍበት ቦታ። ከራም ከመጣ እጅግ ፈጣን ነው። በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደና ዩፒኤሱ ካልያዘ ግን ደረሰኙ በደንበኛው እጅ ይቀራል፤ መዝገቡ የለም። እኔ ለዚህ መለኪያ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ።

ሁለተኛው መለኪያ በጥቃቅን ሥራ ላይ ያለው የምላሽ ጊዜ ነው። ፖስትግሬስና ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባሉት ዳታቤዞች በ8 ኪሎባይት ገጽ ይሠራሉ፤ የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ በ16። ሥራው በዲስኩ ላይ እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» ስለ ፒችትሪ ምንም አይነግራችሁም። በደቂቃ 7200 ዙር የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ የሚያስተናግደው የተበታተነ ጥያቄ ከ75 እስከ 100 አካባቢ ነው፤ ሳስ የተባለው የ10 ሺሕ ዙር የሰርቨር ዲስክ 140 ገደማ። ይህ ቁጥር አይኦፒኤስ ይባላል። ለቢሮ ሥራ ዋናው ቁጥር እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙ ማሽኖች አንድ ላይ ሲጽፉ የሚሆነው ነው። የካሜራ ቀረጻ ሌት ተቀን ይጽፋል፤ ባክአፑ ሥራ ሰዓት ላይ ከተነሳ የሒሳብ ክፍሉ ይንቀራፈፋል። አራተኛው ገንዘብና ሰው ነው። የውጭ ምንዛሪ ገበያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ዓመታዊ ላይሰንስ በብር ሲመነዘር ከድሮው በብዙ ይከብዳል። ሌሊት ሰርቨሩ አልነሳ ቢል ከከተማው ውስጥ ማን ይደርሳል የሚለውም ዋጋ ነው።

ሶፍትዌሩን ከመምረጥ በፊት ክዳኑን ክፈቱ

ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው። አራት የ10 ሺሕ ዙር ሳስ ዲስኮች አንድ ላይ በጥሬው 560 አይኦፒኤስ ይሰጣሉ። በሬይድ 5 ካሰራችኋቸው አንድ ትንሽ ጽሕፈት አራት የዲስክ ሥራ ስለሚጠይቅ ለጽሕፈት የሚቀረው 140 ነው፤ የአንድ ዲስክ አቅም ማለት። በሬይድ 10 አንድ ጽሕፈት ሁለት ሥራ ስለሆነ 280 ይሆናል። ሬይድ 6 ላይ ስድስት ሥራ ነውና ወደ 93 ይወርዳል። ሃይፐርቫይዘር መቀየር ይህን ያህል ልዩነት አያመጣም።

ይህን የጽሕፈት ጫና የሚያቀልለው የሬይድ ካርዱ ኬሽ ነው። የዴል ፐርክ ኤች730 1 ጊጋባይት ኬሽና ባትሪ አለው፤ ርካሹ ኤች330 ኬሽ የለውም። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሰርቨር ውስጥ ይገኛሉ፤ ሻጩም «ሬይድ አለው» ብሎ ያልፈዋል። ባትሪው ከሞተ ካርዱ ኬሹን ለጽሕፈት መጠቀም ያቆምና እያንዳንዱን ጽሕፈት ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ይሠራል፣ ማስጠንቀቂያውን ማንም አያየውም፣ ሁሉ ነገር ግን ዘገምተኛ ይሆናል። ያገለገለ ሰርቨር ላይ የሞተ ባትሪ የተለመደ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው የአዳማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ያፋጥነዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የካርዱን ስምና የባትሪውን ሁኔታ በስክሪን አሳዩን በሉ።

ኤስኤስዲም ከኤስኤስዲ ይለያል። ለሰርቨር የተሠራው መብራት ሲሄድ በውስጡ ያለውን ኬሽ ጽፎ ለመጨረስ የሚያበቃ ካፓሲተር አለው። ስለዚህ ማረጋገጫውን ከኬሹ ቢሰጥም አይዋሽም። ለላፕቶፕ የተሠራው ይህ የለውም፤ እያንዳንዱን ጽሕፈት አረጋግጥ ሲባል ከአሥር ሺዎች ወደ ጥቂት መቶዎች ሊወርድ ይችላል። «ኤስኤስዲ ገዝተንም ያው ነው» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ

የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር የሆነው ኢኤስኤክስአይ የቨርቹዋል ማሽኖችን ጽሕፈት በራሱ ራም ላይ አያቆይም፤ በቀጥታ ወደ ካርዱ ይልከዋል። ለታማኝነቱ ጥሩ ነው። ኬሽ የሌለው ካርድና ሃርድ ዲስክ ላይ ሲጫን ግን ጉድለቱን አይሸፍንላችሁም፤ በዚያው ዕቃ ላይ ሊኑክስ ፈጥኖ ሲታይ «ቪኤምዌር ቀርፋፋ ነው» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። በጥሩ ካርድ ላይ የምላሽ ጊዜው የተረጋጋ ነው፤ ብዙ ማሽኖች ሲጋፉም አያንገራግርም።

ሁለት ማስተካከያ ይበቃዋል። ለዳታቤዙ ዲስክ ከነባሪው ኤልኤስአይ ይልቅ ፒቪስከዚ የተባለውን አስማሚ (ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚገናኝበትን ክፍል) መስጠት፣ እና ስናፕሾትን (የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ ማቆያ) እንደ ባክአፕ አለመቁጠር። አምራቹ ራሱ አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ንባቡም ጽሕፈቱም ይዘገያል።

ችግሩ ዲስኩ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። ብሮድኮም ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከገዛ በኋላ ቋሚ ላይሰንስ ቀርቶ ሁሉም በየጊዜው የሚከፈል ሆነ፤ ክፍያውም የሚሰላው ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ በ16 ኮር ነው። ነጻው ኢኤስኤክስአይ በ2024 መጀመሪያ ተቋርጦ በሚያዝያ 2025 ተመልሷል፤ ግን አንድ ማሽን ከ8 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር አያልፍም፣ የባክአፕ ሶፍትዌሮች የሚገቡበት በርም ዝግ ነው። ከ7.0 ጀምሮ የድሮዎቹ የሊኑክስ ድራይቨሮች ስለወጡ ብዙ የቆዩ ካርዶች አይታወቁም። ያገለገለ ሰርቨር ለሚገዛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፕሮክስሞክስ

ፕሮክስሞክስ ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የቆመና ኬቪኤም የተባለውን የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር የሚጠቀም ነው። የመጀመሪያው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ሙሉውን ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል፤ ድጋፍ የሚፈልግ በፕሮሰሰር ሶኬት ልክ በዓመት ይከፍላል። ሊኑክስ የሚያውቀውን ካርድ ሁሉ ስለሚያውቅ ያገለገለ ዕቃ ላይ ያለ ጭቅጭቅ ይጫናል።

ምርጫ የሚያበዛው ግን እሱ ነው፤ ስለዚህ የተበላሸ ውጤት የሚታየውም እሱ ላይ ነው። የዲስኩ ኬሽ አማራጭ በነባሪው «ኖ ኬሽ» ነው፤ የሰርቨሩን ራም ይዘላል፣ የዳታቤዙን የማረጋገጫ ጥያቄም ያከብራል። «ራይትባክ» ራሙን ይጠቀማል፤ ማሽኑ አረጋግጥ ሲል ግን ያረጋግጣል። «ራይትባክ አንሴፍ» የሚባለው ጥያቄውን ራሱን ይጥለዋል። በሙከራ ላይ ዓይን የሚያስፈጥጥ ቁጥር የሚወጣው በዚህኛው ነው፤ ከጊዜያዊ መጫኛ ሥራ ውጪ ቦታ የለውም።

ቀጥሎ ማከማቻው ይመጣል። ባትሪው የሚሠራ ሬይድ ካርድ ካላችሁ ኤልቪኤም-ቲን የተባለውን የሊኑክስ ማከማቻ ምረጡና ዜድኤፍኤስን እርሱት። ዜድኤፍኤስ የሬይዱን ሥራ ራሱ የሚሠራ የፋይል ሥርዓት ስለሆነ ዲስኮቹን በቀጥታ ማየት ይፈልጋል፤ በሬይድ ካርድ ላይ መደረቡ አይመከርም። ካርዱ እንደ ኤች730 ሬይዱን ትቶ ዲስኮቹን በቀጥታ ማሳለፍ የሚችል ከሆነና ካፓሲተር ያላቸው ኤስኤስዲዎች ካሏችሁ ግን ዜድኤፍኤስ የተበላሸ ዳታን በራሱ ለይቶ ያርማል፤ በዚህ ከሁሉም ይበልጣል። በጥንድ አስሩት፤ ሬይድ 5ን የሚመስለው የዜድኤፍኤስ ሬይድዜድ ለቨርቹዋል ማሽን ጽሕፈት አይመችም። የተረጋገጠ ትንሽ ጽሕፈት መጀመሪያ በመዝገቡ ላይ፣ በኋላም በቦታው ስለሚጻፍ የላፕቶፕ ኤስኤስዲ በዜድኤፍኤስ ሥር ቀርፋፋ ብቻ ሳይሆን ቶሎ የሚያልቅም ይሆናል።

ፍጥነት ያጡ ሰዎች እዚህ ደርሰው ማረጋገጫውን የሚያጠፋውን የዜድኤፍኤስ ቅንብር ይነኩታል። ወዲያው ይፈጥናል። ዜድኤፍኤስ በራም ያለውን በነባሪው በየ5 ሰከንዱ ስለሚያወርድ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው የእነዚያ ሰከንዶች ሥራ ነው፤ ያውም ዳታቤዙ ተመዝግቧል ብሎ የተናገረለት።

ራሙንም አስቡበት። በቆዩ የፕሮክስሞክስ ዕትሞች ዜድኤፍኤስ ለንባብ ኬሽ እስከ ግማሽ ራም ይወስድ ነበር፤ ከ8.1 ወዲህ በአዲስ ጭነት 10 በመቶ ነው፣ ጣሪያውም 16 ጊጋባይት። የማሽኖቹን ዲስክ አስማሚ «ቨርትአይኦ ስከዚ ሲንግል» አድርጉ፤ «አይኦ ትሬድ» የሚለውንም ምልክት አድርጉበት። ዊንዶውስ ይህን ድራይቨር ይዞ ስለማይመጣ በመጫኛው ጊዜ የድራይቨር አይኤስኦ ማስገባት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ለማምለጥ አይዲኢ ወይም ሳታ የተባሉትን ዘገምተኛ አስማሚዎች ይመርጥና በኋላ ፕሮክስሞክስን ያማል።

ሃይፐር-ቪ

ማሽኖቻችሁ በሙሉ ዊንዶውስ ከሆኑ፣ ላይሰንሱም በእጃችሁ ካለ፣ ሃይፐር-ቪ ከሚወራለት በላይ ጥሩ ነው። ድራይቨሩ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ የሊኑክስ ከርነልም ያውቀዋል። የማሽኖቹን ጽሕፈት በአስተናጋጁ ራም ላይ ሳያቆይ ወደ ዲስኩ ያሳልፋል። ማሽን ስትፈጥሩ ጀነሬሽን 2 ምረጡ፤ ጀነሬሽን 1 የሚነሳው በአይዲኢ ነው። የድሮው ቪኤችዲ ፎርማት ጣሪያው 2 ቴራባይት ሲሆን ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ያለው ቪኤችዲኤክስ እስከ 64 ይደርሳል፤ ለባለ 4 ኪሎባይት ሴክተር ዲስኮችም የተመቸ ነው።

ወጥመዱ ዊንዶውስ ያለ ሬይድ ካርድ ዲስኮችን የሚያስተሳስርበት ስቶሬጅ ስፔስስ ነው። በፓሪቲ (እንደ ሬይድ 5) የተሠራ ቦታ በጽሕፈት በጣም ይዘገያል። ሬይድ ካርድ ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌለ በሚረር፣ ማለትም ዳታውን በሁለት ዲስክ በማባዛት፣ አስሩ። ስታንዳርድ ላይሰንስ የሚሸፍነው ሁለት የዊንዶውስ ማሽን ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ተጨማሪ ላይሰንስ ይፈልጋሉ። ነጻው ሃይፐር-ቪ ሰርቨር በ2019 ዕትም አብቅቷል። አዳማ ውስጥ ዊንዶውስ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ መገኘቱ ለዚህ ምርጫ የሚመዝን ነጥብ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ሊኑክስ የሚያውቅም አይጠፋም፤ ሥራ ሳይለቅ የሚቆይላችሁን ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ኤክስሲፒ-ኤንጂ

እ.ኤ.አ. በ2018 ዜንሰርቨር ከተባለው ሃይፐርቫይዘር ተገንጥሎ የወጣ ነጻ ምርጫ ነው። እያንዳንዱ ቨርቹዋል ዲስክ ታፕዲስክ በሚባል በራሱ ሂደት ያልፋል። ስለዚህ አንድ ማሽን ብቻውን ሲለካ ከኬቪኤም ያነሰ ያወጣል፤ ብዙ ማሽኖች አብረው ሲሠሩ ድምሩ አንድ ማሽን ብቻውን ከሚያወጣው የተሻለ ነው። ቪኤችዲ በሚጠቀምበት የተለመደ አሠራሩ አንድ ዲስክ ከ2 ቴራባይት አይበልጥም። ለካሜራ ቀረጻ ይህ ያስቸግራል። አንድ ከባድ ዳታቤዝ ላለው ቢሮ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም።

ጎን ለጎን

| መለኪያ | ኢኤስኤክስአይ | ፕሮክስሞክስ | ሃይፐር-ቪ | ኤክስሲፒ-ኤንጂ |
|---|---|---|---|---|
| በነባሪው ጽሕፈት በሰርቨሩ ራም ይቆያል? | አይቆይም | በ«ኖ ኬሽ» አይቆይም፤ በዜድኤፍኤስ ማረጋገጫ ያልተጠየቀበት ለሰከንዶች ይቆያል | አይቆይም | አይቆይም |
| ፈጣኑ የዲስክ አስማሚ | ፒቪስከዚ | ቨርትአይኦ ስከዚ ሲንግል | ስከዚ፣ ጀነሬሽን 2 | የዜን ድራይቨር |
| የአንድ ዲስክ ጣሪያ | 62 ቴራባይት | እንደ ማከማቻው | 64 ቴራባይት | 2 ቴራባይት በቪኤችዲ |
| ያገለገለ ካርድ | ይመርጣል | ብዙውን ይቀበላል | ድራይቨር ካለ | ብዙውን ይቀበላል |
| ክፍያ | በኮር፣ በየጊዜው | ነጻ፣ ድጋፉ በሶኬት | በዊንዶውስ ላይሰንስ | ነጻ፣ ድጋፉ በክፍያ |
| የተለመደው ስህተት | የቆየ ስናፕሾት | ማረጋገጫን ማጥፋት | የፓሪቲ ስቶሬጅ ስፔስ | በአንድ ማሽን ብቻ መለካት |

ራሳችሁ ስትለኩ

ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጎ ሰዓት መያዝ መለካት አይደለም፤ የምታዩት የራሙን ፍጥነት ነው። በሊኑክስ ኤፍአይኦ፣ በዊንዶውስ ዲስክስፒዲ የተባሉትን ነጻ መሣሪያዎች ተጠቀሙ። ኬሹን እንዲያልፉ እዘዟቸው፤ የሙከራው ፋይል ከሰርቨሩ ራም እጥፍ ይሁን። አንዳንድ ኤስኤስዲ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ኬሹ ሲሞላ ስለሚወርድ ከአሥር ደቂቃ በታች አትልኩ።

ሁለት ሙከራ ከሌሎቹ ይበልጣል። አንደኛው 8 ኪሎባይት፣ በተራ አንድ አንድ፣ እያንዳንዱ እየተረጋገጠ የሚጻፍበት ነው፤ የዳታቤዛችሁን ዕለታዊ ኑሮ የሚመስለው እሱ ነው። ሁለተኛው 70 በመቶ ንባብና 30 በመቶ ጽሕፈት ሆኖ በሦስት ወይም በአራት ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ የሚሮጥ ነው። አማካዩን ትታችሁ የ99ኛውን ፐርሰንታይል የምላሽ ጊዜ እዩ፤ ሠራተኛውን የሚያማርረው ከመቶ አንዱ የሚቆየው ጥያቄ ነው። ሃይፐርቫይዘሮቹን ስታነጻጽሩ ዲስኩ፣ ሬይዱና በውስጥ የሚሮጠው ሲስተም አንድ ይሁን። ውጤቱ ከዲስኮቹ አቅም በላይ ከወጣ ደስ አይበላችሁ፤ ከየትኛው ኬሽ እንደመጣ ፈልጉ።

ከዚያ ገመዱን ንቀሉ። እውነተኛ ዳታ ከመግባቱ በፊት አንድ ቨርቹዋል ማሽን ተራ ቁጥር ያላቸው መስመሮችን ወደ ዳታቤዝ ይጻፍ፤ እያንዳንዱ ሲረጋገጥ ቁጥሩን በኔትወርክ ወደ ላፕቶፕ ይላክ። በመሀል የሰርቨሩን ገመድ ከዩፒኤሱ ላይ ንቀሉ። ሲነሳ ላፕቶፑ ላይ ያለው የመጨረሻ ቁጥር ዳታቤዙ ውስጥ ከሌለ በጽሕፈቱ መንገድ ላይ ካሉት አንዱ እየዋሸ ነው። ሻጩ ፊት ብታደርጉት ደግሞ ይሻላል።

ለማን የቱ

አምስት ያህል ሠራተኛ፣ ፒችትሪና ፋይል ማጋሪያ ብቻ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ በእጅ፦ ሃይፐር-ቪ፣ ሁለት ማሽን፣ ሬይድ 1 (ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ዳታ የሚይዙበት) በሰርቨር ኤስኤስዲ። ከዚህ በላይ ማወሳሰብ ገንዘብ ማባከን ነው።

በጀቱ ጠባብ፣ ሰርቨሩ ያገለገለ፣ የዊንዶውስና የሊኑክስ ድብልቅ፦ ፕሮክስሞክስ። ኬሹና ባትሪው ደህና ከሆነ ኤልቪኤም-ቲን በሬይድ 10፤ ካልሆነ በቀጥታ በተያያዙ ሰርቨር ኤስኤስዲዎች ላይ ዜድኤፍኤስ በጥንድ። ብር ከጎደለ ከራሙ ቀንሱ እንጂ ካፓሲተር ካለው ኤስኤስዲ አትቀንሱ።

ክሊኒክ ወይም ቁጠባና ብድር፣ የጠፋ መዝገብ ክስ የሚያመጣበት፦ ከኢኤስኤክስአይ፣ ከፕሮክስሞክስና ከሃይፐር-ቪ የትኛውም ይሆናል፤ የገመዱን ሙከራ ያለፈውን ውሰዱ። ካሜራውን በዚያ የዲስክ ስብስብ ላይ አታስቀምጡት። ለብቻው አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይበቃዋል፤ ጽሕፈቱ ተከታታይ ስለሆነ አያስቸግረውም።

ቪኤምዌር በቋሚ ላይሰንስ እየሠራላችሁ ያለ ከሆነ ለዲስክ ፍጥነት ብላችሁ አትልቀቁት፤ የምታተርፉት የለም። የምትለቁት ላይሰንሱ ወይም የደህንነት ማሻሻያው ሲያስገድዳችሁ ነው። የኢኤስኤክስአይ 7 ትውልድ መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ፕሮክስሞክስ ከ2024 ጀምሮ ከኢኤስኤክስአይ ማሽኖችን በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ አለው። ከመዛወሩ በፊት ግን ዊንዶውሶቹ ገና ቪኤምዌር ላይ ሳሉ የቨርትአይኦ ድራይቨር ጫኑባቸው፤ አለዚያ አዲሱ ቤት ገብተው የሚነሱበትን ዲስክ አያገኙትም። በአይዲኢ ወይም በሳታ አስነስታችሁ፣ ትንሽ ቨርትአይኦ ዲስክ ጨምራችሁ ድራይቨሩን ካስለመዳችሁት በኋላ ዋናውን መቀየርም ይቻላል።